ወረፋህን አትልቀቅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9። ከጠዋቱ 2 ሰ. ተኩል።

በርበሬውን አስጥቻለሁ። ፀሐዩ ሸጋ ነው። ክረምቱ ገና አሁን የወጣ ይመስላል። ሐያት የወንድሟን ብርድ ልብስ አጥባ አጥር ላይ ዘርግታዋለች፤ ዓርብ ሲመጣ ንጹሕ ይጠብቀው ብላ። ሲገናኙ ይጣላሉ፤ ሲለያዩ ደግሞ እንዲህ ናት።

ማስታወሻዬ፣ ልጄ ሰይድ መተማ ከወረደ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ። ከብቶቹን ይዞ ድንበሩ ላይ ባለው የከብት ማቆያ ግቢ ውስጥ ወረፋ እየጠበቀ ነው። ነገ ይደርሰዋል። ሰንጋዎቹን ለሱዳኖቹ አስረክቦ ሐሙስ ይነሣል፤ ለጁምዓ ሶላት ጎንደር ይገባል ብዬ አስቤአለሁ። ከትናንት ወዲያ ደውሎ ነበር። ደኅና ነኝ አለ። ስልኩ ይቆራረጣል።

ዐረፋ እየቀረበ ነው። በዚህ ወቅት ወዲያ ማዶ ከብት እንደ ጉድ ይፈለጋል። ድርሻችን ግን ያው ነው። ከተስማማንበት በላይ አንድ ራስ አያልፍም።

ሰይድ ሲመጣ የሳሎኑን ግድግዳ ቀለም እናስቀባለን። እኔ ነጭ እላለሁ። ሐያት አረንጓዴ ትላለች። ሰይድ ደግሞ

በር ተንኳኳ። ሐጂ ኑሩ ናቸው። በዚህ ሰዓት ምን


ሐሙስ፣ ጥቅ. 11። ጠዋት።

ሰይድ ሞቷል።

ይህን ለመጻፍ ከሱብሒ ሶላት ጀምሬ ተቀምጫለሁ። ሁለት ቃል ነው። እጄ ድሮም ዘገምተኛ ነው፤ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ዛሬ ግን ፊደሉ ራሱ እምቢ አለኝ።

ሐጂ ኑሩ የከብት ነጋዴዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የሟቹ ባሌ ጓደኛ ነበሩ። ማክሰኞ ደጃፌ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ግቡ አልኋቸው። አልገቡም። ጫማ አውልቀው ቆሙ። ከኋላቸው ሌሎችም አሉ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ከብቶቹ ምን ሆኑ? አልሁ።

አላህ ይቅር ይበለኝ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ከብቶቹ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁርጥራጭ ነው። ሐያት ትጮኻለች። ጎረቤቴ አበጀሽ ወገቤን ይዛኛለች። የዘረጋሁት በርበሬ ላይ ሰው ይረማመዳል። እኔ በርበሬውን አትርገጡ እላለሁ። ደጋግሜ እላለሁ። ምን ነክቶኝ ነው?

ከሰዓት በኋላ አመጡት። በከብት መጫኛ ማኪና። ወለሉን አጥበውታል። ድርቆሽ ጎዝጉዘውበታል። ልክ ለሰንጋ እንደምንጎዘጉዘው።

ወባ ነው አሉ። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። ክንዱ እንደ ግንድ የነበረ።

አጥበው ከፈኑት። ለሶላት ከመቆማቸው በፊት ኢማሙ ሕዝቡን ጠየቁ፤ በዚህ ልጅ ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ አፉ በሉት አሉ። አፉ ብለናል አለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ። አጥር ግቢው ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ከመግሪብ በፊት ተቀበረ። ከንጋት እስከ ምሽት አንድ ቀን አልሞላም። ጠዋት የቀለም ነገር ስናወራ ነበር።

ብርድ ልብሱ እስከ አሁን አጥሩ ላይ ነው። ማንም አላነሣውም።


ቅዳሜ፣ ጥቅ. 13። ከዐስር ሶላት በኋላ።

ቤቱ ሞልቷል። ለእኛ ሰዎች በግ ታርዷል። አበጀሽ ክርስቲያን ናትና ለክርስቲያኖቹ ለቀስተኞች ሽሮውን በቤቷ ሠርታ በራሷ ሰሃን ታመጣለች። ለሠላሳ ዓመት በየሐዘኑ እንዲሁ ስናደርግ ኖረናል፤ ለእሷ ሐዘን እኔ በተራዬ። ለሰይድ ትሠራለች ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዛሬ የኮሚቴው ሰዎች ተሰብስበው መጡ። ሐጂ ኑሩ ዱዓ አደረጉ። ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ዘይነባ፣ እንግዲህ ልጁ በእኛ ሥራ ላይ ነው ያለፈው፤ ኮሚቴውን አፉ በይልን፣ ከልብሽ ይቅር በይን አሉ።

ልል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።

አንዱ ነጋዴ፣ ለማጽናናት ብሎ ይመስለኛል፣ ከዓርብ ጀምሮ ትኩሳት ይዞት እያለ ጨክኖ ተቀመጠ፣ ጀግና ልጅ ነው አለ። ከዓርብ! አራት ቀን! እዚያው ቅርብ፣ ሸህዲ፣ ጤና ጣቢያ አለ። ማኪና በየሰዓቱ ይመላለሳል። ምነው አልሄደ? አልሁ።

ሌላው መለሰልኝ። ሕጉ ነዋ፣ ከማቆያው የወጣ ወረፋው ያልፈዋል አለ።

ሕጉን አውቀዋለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ግን ደሜ ፈላ። ይህን ሕግ ማን አስገባው? አልሁ። የታመመ ሰው እንኳ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ያሰረው ማነው? ስሙን ንገሩኝ!

ሐጂ ኑሩ የሙስበሓቸውን ፍሬ ይቆጥራሉ። አንዱ አሳለ። ሐያት ሳህን ልታነሣ ጎንበስ አለች፤ ሳህኑ ባዶ አልነበረም።

እንግዲያው አፉ አልልም አልሁ። ሰውየውን ሳላውቅ አፉ አልልም።

ተነሥተው ሄዱ። አንድ ሰው እየደበቁ ነው።


ሰኞ፣ ጥቅ. 15።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልህ። ስጽፍ ያ ሰው ማን እንደሆነ ሊታየኝ ይችላል።

ባለፈው ግንቦት ሱዳኖቹ ገዢዎች እዚህ ድረስ መጡ። በሐጂ ኑሩ ሳሎን ተቀመጥን። ከወንዶቹ መሀል እኔ ብቻ ሴት። በባሌ ወንበር። አነጋገራቸው ለስላሳ ነው። ከብታችሁ ገበያችንን አጥለቀለቀው አሉ። ሥጋ ረከሰ፣ የእኛ አርቢዎች ለመንግሥት አቤት እያሉ ነው፣ መንግሥት ደግሞ በሩን እዘጋለሁ እያለ ነው። እናንተ ራሳችሁ፣ በፈቃዳችሁ፣ የምትልኩትን ብትቀንሱ ማንም በር አይዘጋም። ቁም ከብትም ቢሆን ሥጋም ቢሆን። በፈቃዳችሁ። ይህችን ቃል ደጋግመው አሏት።

የዚያን ዕለት ማታ ለአበጀሽ ስነግራት ሳቀች። በፈቃዳችሁ? አለችኝ። በሁዳዴ ልኳንዳ ቤቱ ተዘግቶ ሲያገኘው፣ እኔ እኮ በፈቃዴ ነው የጾምሁት እንደሚለው እንደ ባሌ ማለት ነዋ!

እኔም ስቄ ነበር።

ተስማማን። ለእያንዳንዱ ነጋዴ የሳምንት ድርሻ ተመደበ። ድርሻው ስላነሰ ወረፋ መጣ። ወረፋ ሲመጣ ደላላ መጣ። አንድ ጥጃ እንኳ የሌለው ሰው ስሙን አስመዝግቦ ወረፋውን ይሸጣል። በሰኔው ስብሰባ ቀኑን ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቅን። ሁሉም ጮኸ። እኔም ጮኼአለሁ። ስለ ደላሎቹ ነው፤ ምን እንዳልሁ በወጉ ትዝ አይለኝም፤ ወንዶቹ ግን መሳቃቸው ትዝ ይለኛል።

ቃለ ጉባኤው በሳምንቱ ለፊርማ ቀረበ። ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። እኔ ሳነብ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድሁ ነው። ሰው እንዳላስጠብቅ፣ እንዳይሣቅብኝ፣ ሳላነብ ፈረምሁ።

ሕጉን ያስገባው የኮሚቴው ጸሐፊ ይሆን? ወይስ ሱዳኖቹ? ወይስ ሐጂ ኑሩ ራሳቸው? ለዚህ ነው እንዴ ዝም ያሉት?

ነገ ሐያትን ቃለ ጉባኤውን አምጪ ብዬ እልካታለሁ።


ረቡዕ፣ ጥቅ. 17። ከዙህር በፊት።

አያ ዘለቀ መጣ። የትክል ድንጋይ አገር ሰው ነው። ከባሌ ዘመን ጀምሮ ከብታችንን የሚነዳው እሱ ነው። ሰይድን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ። በር ላይ ዱላውን ጥሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሸጋው ልጄ፣ ሸጋው ልጄ እያለ። የዘገየው ከብቶቹን ወደ ቤት እየነዳ ስለሆነ ነው።

ወደ ቤት? አልሁት። አልተሻገሩም እንዴ?

አልተሻገሩም።

ሰይድ የሞተው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። ወረፋው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ስም ሲጠራ አያ ዘለቀ አለሁ ብሎ ወጣ። አንተ ነጂ ነህ፣ ባለቤቱ የት አለ? አሉት። ባለቤቱ ትናንት ሞተ አላቸው። መዝገብ የያዘው ልጅ እስኪርቢቶውን አነሣ፤ አቅማማ። ከዚያ፣ እንግዲህ ባለቤቱ የለም፣ ሕጉ እንደዚያ ነው ብሎ ቀጣዩን ጠራ።

ሦስት ጊዜ አስደገምሁት። ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ አለኝ። ልጄ ሞቶ እንኳ ከከብቱ አጠገብ የለህም ተባለ።

አያ፣ አንተስ አጠገቡ ነበርህ፣ ምነው ዓርብ ዕለት ይዘኸው አልሄድህ? አልሁት። ተቆጣሁት፣ እውነቱን ልናገር። እቴ ዘይነባ፣ ሂድ አልሁት፣ አለኝ። ተንበርክኬ ለመንሁት። ሌሎቹም ነጋዴዎች ወረፋህን እንጠብቅልሃለን፣ ማንም አያይም አሉት። እምቢ አለ።

ለምን?

መሬቱን አየ። እንዲያው እምቢ አለ እቴ። ልጅነት ነው።

አያ ዘለቀ ሲዋሽ አያውቅበትም። ጆሮው ይቀላል። ዛሬ ጆሮው እንደ በርበሬ ሆኖ ነበር።


ዓርብ፣ ጥቅ. 19። ከጁምዓ በኋላ።

ዑስማን ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ መጣ። ሰይድ ከብት የሚያስረክበው ለእሱ ነበር። ሁለት ቀን በማኪና ተጉዞ ለለቅሶ መምጣቱ ገርሞኛል። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ሐዘኑ ግን የተሟላ። ሰይድ ሁልጊዜ አማርኛ ስናገር ይስቅብኝ ነበር አለ፤ ራሱ ግን ከእኔ አማርኛ የባሰ ነበር ዐረብኛው። ሐያት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ወዲያው አፏን ያዘች።

ምግብ ቀርቦ ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ጠየቅሁት። ከእኛ በመቀነሱ የእናንተ አርቢዎች ተጠቀሙ? ሥጋው ተወደደላቸው?

ጉርሻውን መለሰው። አንገቱን ደፋ።

ቦታው ባዶ አልቀረም አለኝ። እናንተ በቀነሳችሁ በዚያው ሰሞን በሌላ በኩል፣ ከሌላ አገር፣ ከብት ገባ። የእናንተን ያህል። ከዚያም በላይ። አርቢዎቹ ዛሬም እንደጮኹ ናቸው። ቃል የገባችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ የጠበቃችሁትም እናንተ ብቻ።

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። እንደገና በል አልሁት። እንደገና አለኝ።

ታዲያ ለምንድን ነው? ማስታወሻዬ፣ ለምንድን ነው? አምስት ወር ሙሉ ከብቱ በረት ሲውል፣ ገበሬው ሲያማርረን፣ ልጄ በዚያ ሐሩር ዘጠኝ ቀን ሲቀመጥ፣ ማዶ ያለው ሜዳ በሰው ከብት ሞልቶ ነበር?

ዑስማን ሲሄድ እጄን ያዘ። ይህን ብናገር ይሻላል ወይስ ባልናገር ብሎ መንገዱን ሁሉ ሲያስብ እንደመጣ ነገረኝ። መናገርህ ይሻላል አልሁት። ያልነገረኝ ሰው በዝቶብኛል።


እሑድ፣ ጥቅ. 21። ጠዋት።

ሐያት ሦስት ቀን ሄዳ ሦስት ቀን ባዶ እጇን መጣች። ቃለ ጉባኤው አልተገኘም። ጸሐፊው የለም። ቁልፉ ጠፋ። ዛሬ ራሴ ሄድሁ። ሐጂ ኑሩ እቤታቸው ናቸው። ዶሴው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከፊታቸው።

እትዬ ዘይነባ፣ ይቅርብሽ አሉኝ። እንደ ወንድም ልለምንሽ፣ ይቅርብሽ። ከፈለግሽ እኔ ነኝ ያስገባሁት። እኔን አፉ አትበይኝ።

ስጡኝ አልሁ።

ሰጡኝ።


ያው እሑድ። ከዐስር በኋላ።

ቤት መጥቼ በር ዘግቼ አነበብሁ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድሁ። አሁን ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው የለም። ቃሉን እንዳለ እገለብጥልሃለሁ።

«5ኛ/ ወረፋ የሚሸጡ ደላሎችን ለመከላከል፣ ወ/ሮ ዘይነባ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ባለ ከብቱ ራሱ ከከብቱ ጋር እንዲያድር፣ ከማቆያው ለቆ ከሄደ ግን ወረፋው ለተከታዩ እንዲተላለፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ከሥር ፊርማዬ አለ። ትልልቅ ፊደል። ዘ ብቻዋን ሁለት መስመር ይዛለች።

አሁን ትዝ አለኝ። ሁሉም ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ነበር። አንዱን ደላላ በጣቴ እያሳየሁ፣ ከብት አለኝ ካለ እስቲ ከከብቱ ጋር ይደር! ከወባውና ከትንኙ ጋር ይደር! ሽታውን ይልመደው! እናያለን ስንት ቀን እንደሚቆይ! ብዬ ነበር። ወንዶቹ ሳቁ። ሐጂ ኑሩ እንኳ ሳቁ። ጸሐፊው ይጽፍ ነበር።

ከወባው ጋር ብያለሁ። በዚህ አፌ።

ሐያትን ጠራኋት። ታውቂ ነበር? አልኋት። አለቀሰች። ሁሉም ያውቅ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ሙሉ ያውቅ ነበር። የደበቁት ሰው እኔ ነኝ። ከራሴ ደበቁኝ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልሁም


ሰኞ፣ ጥቅ. 22። ጠዋት።

አያ ዘለቀን አስጠራሁት። አዲስ ዓለም ሰፈር ዘመድ ቤት ነው ያረፈው። ቃለ ጉባኤውን አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ፊቴን ግን አነበበ።

አሁን ንገረኝ አያ። ለምን እምቢ አለ?

ባርኔጣውን በእጁ አዞረ፣ አዞረ። እቴ፣ ሰይድ እንዲህ አለኝ፤ ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት። ከነዚያ ሁሉ ወንዶች መሀል ተቀምጣ። እኔ ትቼው ብሄድ በሚቀጥለው ስብሰባ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

ይህን ያለው ማቆያው ውስጥ ግራር ሥር ተኝቶ ነው። ሰንጋዎቹ ዙሪያውን ቆመው።

ማስታወሻዬ፣ ልጄ እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው የሞተው። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳየው የሌላ ሰው ይመስለኛል።


ማክሰኞ፣ ጥቅ. 23።

ሁለት ሳምንት ሆነው። ያልጻፍሁልህ ነገር አለ። ዋሽቼሃለሁ።

እሑድ ዕለት፣ ከመሞቱ በፊት ባለው እሑድ፣ ደወለ ብዬህ ነበር። ደኅና ነኝ አለ፣ ስልኩ ይቆራረጣል ብዬህ ነበር። ስልኩ አልተቆራረጠም። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ድምፁ የደከመ ነበር። እማ፣ ራሴን ይከብደኛል አለኝ። እማ፣ ብመጣስ?

እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ። ሦስት ቀን ነው የቀረህ፣ አልሁት። ይህን ሁሉ ቀን ተቀምጠህ አሁን ትመጣለህ? ውኃ ጠጣ፣ ጥላ ሥር ዋል። ወረፋህን አትልቀቅ።

እሺ እማ አለ።

ምንም አልጨመረ። እሺ እማ። ሰላም እደሪ እንኳ ያለኝ አይመስለኝም፤ ወይም ብሎኝ እኔ ሽንኩርቴን ስመለከት አልሰማሁትም ይሆናል። ስልኩን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልሁ። ማክሰኞ ጠዋት ላንተ ስጽፍ እንኳ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ነው ይቆራረጣል ያልሁህ። ደብተር ላይ ሳይቀር ሸሸሁ።

ኮሚቴውን አፉ አልልም ያልሁ ሴት ይህች ናት።


ሐሙስ፣ ጥቅ. 25። ጠዋት።

አበጀሽ ገባች። ሁለት ቀን በር አልከፍትም ስላልሁ በአጥሩ ቀዳዳ ነው የገባችው። በስድሳ ዓመቷ! ቀሚሷ ተቀዷል። ብትሞቺም አብረን እንሙት፣ ለብቻሽ አትቀሪብኝ ብላ ሾርባውን አፌ ላይ ደገነች። ጠጣሁ። ሁሉንም ነገርኋት። የስልኩንም።

አላጽናናችኝም። አንቺ አይደለሽም አላለችኝም። ያን ብትለኝ ኖሮ ዳግመኛ ባላየኋት ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች። ኋላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ያ ሕግ ዛሬም አለ? አለችኝ።

ደነገጥሁ። አላሰብሁትም ነበር። አለ። ዛሬም አለ። ዛሬም ማቆያው ውስጥ ሰው አለ።

ስልኬን አንሥቼ አያ ዘለቀ ጋ ደወልሁ። ወሬ አለህ? አልሁት። ትናንት ከዚያ የመጣ ነጂ እንደነገረው፣ አንድ የእንፍራንዝ ነጋዴ ትኩሳት ይዞታል። እዚያው ግራር ሥር ነው አሉ። ወረፋው ሰኞ ነው። ሂድ ቢሉት እምቢ ብሏል።

የዚያም ሰው እናት አለች።

ወስኛለሁ። ቅዳሜ የኮሚቴው ስብሰባ ነው። እሄዳለሁ። በባሌ ወንበር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እቀመጣለሁ። ለሰውየው ግን እስከ ቅዳሜ አልጠብቅም። ነጠላዬን ልልበስና አሁኑኑ ሐጂ ኑሩ ጋ


ቅዳሜ፣ ጥቅ. 27። ከዐስር በኋላ።

ሐጂ ኑሩ ሐሙስ ዕለት እፊቴ ደውለው ሰውየውን ወደ ሸህዲ አስወስደውታል። መድኃኒት ጀምሯል። ይተርፋል ብለዋል። ስሙን አልጠየቅሁም።

ዛሬ ስብሰባው ላይ አምስተኛው ይሰረዝ አልሁ። አንዱ ከወደ ጥግ፣ ትናንት ባወጣሽው ሕግ አሠርሽን፣ ዛሬ ደግሞ ፍቱ ትያለሽ፣ የሴት ነገር! አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ፊቱ ሲቀላ ታየኝ። ተዉት አልሁ። እውነቱን ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳላነበው የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ልጄ ሕጉን የጠበቀውም የእኔ ነው ብሎ ነው።

ደላሎቹ ይመለሳሉ አለ ሌላው። ይመለሱ አልሁ። ደላላ ወረፋ ቢሸጥ እንናደዳለን። ሰው ቢሞት ግን እንቀብራለን።

የዑስማንንም ነገር ነገርኋቸው። ማዶ ያለው ቦታ በሌላ ከብት እንደሞላ። ጉምጉምታ ሆነ። ግማሹ ሰምቶት ኖሯል። ግማሹ እንደኔ ክው አለ። ቃላችንን እናፍርስ ያለም አለ፣ ዐረፋ እስኪያልፍ እንጠብቅ ያለም አለ። እሱን እናንተ ወስኑ አልኋቸው። እኔ አምስተኛውን ብቻ ነው የያዝሁት።

ተሰረዘ። የታመመ፣ ቤቱ ሐዘን የሆነበት፣ ሚስቱ የወለደችበት ሰው ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ከብቱን ይጠብቅለታል፤ ወረፋው አይነካም ተባለ። ጸሐፊው አንብቦ ለፊርማ አመጣልኝ። ሰው ከኋላዬ ተሰለፈ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስኬድሁ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ማንም አላጉረመረመም። ከዚያ ፈረምሁ።

ከመውጣቴ በፊት ቆምሁ። አፉ አልልም ያልኋችሁ እኔ ነኝ አልሁ። አሁን እናንተ አፉ በሉኝ።

ሐጂ ኑሩ መጀመሪያ አሉ። አፉ ብያለሁ። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሌላው። ያ የተሳደበው ሰውዬም አለ፤ እንባ እየተናነቀው። እያንዳንዱን ድምፅ አዳመጥሁ። ሁሉም አለ።

የሰይድ ድምፅ ግን የለበትም።

ወንበሩን ትቼ መጣሁ። ሐያት ብርድ ልብሱን ከአጥሩ አንሥታ አጥፋ አልጋው ላይ አስቀምጣዋለች። ግድግዳው ያው ነው።

ማስታወሻዬ፣ ካሁን በኋላ ምን እንደምጽፍብህ አላውቅም። አንድ ቀን ይህን ደብተር የሚገልጥ ሰው ይኖራል፤ የሐያት ልጅ ይሆናል፣ ወይም ማንም። አንተ ሰው፣ አንቺ ሴት፣ እስከዚህ ካነበባችሁ ለእኔ ምንም አልጠይቃችሁም። እስላም ከሆናችሁ ለሰይድ አንድ ፋቲሓ ቅሩለት፤ አላህ እንዲያዝንለት፣ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ እንዲሰጠው ለምኑለት። ክርስቲያን ከሆናችሁ እንደ አበጀሽና እንደ አያ ዘለቀ ነፍሱን ይማር በሉለት። ከቻላችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉት። ስሙን ጥሩት። ሰይድ በሉት።

እሺ እማ ብሎ የቀረ ልጅ ነው። እናቱ ወረፋህን ልቀቅ ብላሃለች፣ ና ብላሃለች በሉልኝ።